አውራ ጣቶቹ ሲነሱ

የእህቴን ልጅ ጆሮዋን ካመማት ሦስት ቀኗ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሳሎን ገብቼ ሳያት በአንድ እጇ ስልኳን ይዛ፣ በሌላው ከጆሮዋ ሥር ያለውን ጎድጓዳ ትጫናለች። ስልኩ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው የት የት መጫን እንዳለባት ያሳያታል።

«የጥንት ቻይናዎች ጥበብ ነው፣ ጋሼ» አለችኝ።

ጥንታዊ ስለሆነ ትክክል ነው ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ቁንጫም ጥንታዊ ናት። ደግሞስ ያቺን ጎድጓዳ እኔ ጌዶ ሳለሁ ነው የማውቃት።

ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ለመምህራን ማሠልጠኛ መግቢያ ልፈተን ሦስት ቀን ሲቀረኝ ሁለቱንም ጆሮዬን ያዘኝ። የሰኔ ጭጋግ ከተማውን ውጦታል፤ ቆሎ ማኘክ እንኳ አቃተኝ። ፈተናው የሚሰጠው አምቦ ነበር፤ ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባላለች። ሁሉም የሚፈራው የእንግሊዝኛውን ዲክቴሽን ነው። ፈታኙ ሁለት ጊዜ ብቻ ያነባል፤ የሰማ ይጽፋል፣ ያልሰማ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የእኔ ቤት ደግሞ የአባቴ የቆዳ መጋዘን ነበር። ከዚያ ሽታ የምወጣበት ሌላ በር አልነበረኝም።

በማግስቱ አክስቴ ኦቦ ድንቃ ወደሚባሉ ወጌሻ ወሰደችኝ። ሽማግሌው አውራ ጣቶቻቸውን ቅቤ አስነክተው ከሁለቱም ጆሮዎቼ ሥር ተጫኑኝ። መጀመሪያ ዓይኔ እሳት አየ፤ ከዚያ ሕመሙ ጥፍት አለ። ደስታ ቀልቤን ነሳኝና «እግዜር ይስጥልኝ!» አልኩ።

እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? መድኃኒት ይመሰገናል እንዴ?»

«አበላሸው!» አለች አክስቴ ራሷን ይዛ። «ይሄ የተማሪ አፉ!»

ሕመሙ ወዲያው ተመለሰ።

«የተመለሰው ጣትዎን ስላነሱ ነው» አልኳቸው።

«ስላመሰገንክ ነው።»

«እስቲ መልሰው ይጫኑትና እንይ።»

«የተመሰገነ እጅ ሰባት ቀን በሽተኛ አይነካም።»

ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው! ስለ ነርቭና ስለ ደም ዝውውር ከደብተሬ የማውቀውን ሁሉ አወረድኩባቸው። ኦቦ ድንቃ በትዕግሥት ሰምተውኝ «ይህን ሁሉ ካወቅህ ምን ልታደርግ መጣህ?» አሉ። አክስቴ ሳቀች።

በጭነት መኪና ተሳፍሬ አምቦ እስክደርስ ራሴን በራሴ ስጫን ዋልኩ። በየጉድጓዱ ስንዘል ጣቴ እየተንሸራተተ፣ ከሁሉም የሚያስታግሰኝ ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችው ትንሽ ሥጋ እንደሆነች አወቅሁ። በማግስቱ ፈታኙ ማንበብ ሲጀምር ሁለቱንም ተጫንኩ። ሕመሙ ጠፋ፤ ፈታኙም አብሮ ጠፋ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ብዕር የሚይዝ እጅም አልተረፈኝም። ጣቴን ሳነሳ ሕመሙ እንደ ወስፌ ይወጋኛል፤ ስጫን ዓረፍተ ነገሩ ያመልጠኛል። ወረቀቴን ግማሽ ባዶ አስረከብኩ።

ዓመቱን ሙሉ ቆዳ ላይ ጨው ስነሰንስ ከረምኩ። አክስቴ ለጌዶ ሰው ሁሉ «በምስጋና ወደቀ» ብላ አወራች። እኔም ባገኘሁት ሰው ሁሉ ፊት ተከራከርኩ።

ከክርክሩ ሁሉ ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። ከፈተናው አዳራሽ ፊት ለፊት ክሊኒክ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳቱ መሆኑ ነው፣ ደጁ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዞ ብርቱካን ይልጣል፤ አንድም ታካሚ አልነበረውም። ስገባም ስወጣም አልፌው ሄድኩ። በሳይንስ ስም ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተሟግቼ፣ ሳይንሱ ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ኦቦ ድንቃን የምረታበትን ቃል እያሰላሰልኩ ነበር። ያናደደኝ እሳቸው ይመስለኝ ነበር።

ትናንት ከአፌ የወጣው አጭር ነው፤ «ተነሺ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«ኧረ ለቀቀኝ እኮ፣ ጋሼ!» አለች እየሳቀች።

ጣቷን ግን አላነሳችም።