የሚካኤል ቀንና ቢጫው የፖስታ ሳጥን

ሥራ ባጣሁበት ዘመን ቀኖች ስማቸው ጠፋኝ። ሰኞ መስሎኝ ተነስቼ ሐሙስ ሆኖ አገኘው ነበር። ሁስቢ በሚባል የስዊድን ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ወንበር ስቤ ቁጭ እላለሁ። በረዶው ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ድምፅ የለው፣ ማለቂያ የለው። ብዙ ሲያዩት በረዶው ይቆምና ቤቱ ወደ ላይ የሚሄድ ይመስላል። እኔም ከነወንበሬ፣ ከነሻዬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እሄዳለሁ። እንዲያ ስንሳፈፍ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ይጨልማል። ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

ከመስኮቴ ማዶ ሺስታ የሚባለው ሰፈር ቢሮዎች ይታያሉ። እኔ እዚያ ነበር የማጸዳው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አንደኛው ፎቅ መብራቱ ጠፋ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሕንጻው በሙሉ። ሰው የማይቀመጥበትን ቢሮ ማን ያስጠርጋል? አለቃችን ሁላችንንም እጃችንን ጨብጦ አሰናበተን። አቤት አጨባበጡ! ሠርግ የጠራን ነው የሚመስለው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ያናድደኛል።

ሲሠራ ሳለ የሥራ አጥ መድን አባል የነበረ ሰው፣ ሥራ ሲያጣ መድኑ ይከፍለዋል። ስዊድኖቹ መድኑን «ካሳ» ይሉታል፤ እኛም እንዳለ ወስደን ካሳ አልነው። ታዲያ የካሳ ካርድ የሚባል ነገር ነበረ። ለሳምንቱ ለእያንዳንዱ ቀን ትንሽ ትንሽ ሳጥን አለው። ሥራ አጥተሽ የዋልሽበት ቀን አንድ ፊደል፣ የታመምሽበት ሌላ ፊደል፣ ሥራ ቢገኝ እንኳ ልትሠሪ የማትችይበት ቀን ደግሞ ሌላ ፊደል ትጽፊበታለሽ። ሳምንቱ ሳያልቅ መላክ አይቻልም። ስለዚህ እሑድ እሑድ አገር ምድሩ ካርዱን በፖስታ አሽጎ፣ ቱነልባና የሚሉት የምድር ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለው ቢጫ የፖስታ ሳጥን ይወርዳል።

በቴሌቪዥን ዜና ካሳ የሚጠይቀው ሰው ብዛት በቀይ መስመር ይታይ ነበር። መስመሩ ከሳምንት ሳምንት ሽቅብ ነው። እኔ ግን ከዜናው በፊት ከመስኮቴ ሆኜ አውቀው ነበር። መጀመሪያ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው የኛ ሰው፣ የቺሌው፣ የኢራኑ ነበር። እየቆየ ስዊድኖቹ መጡ። ውሻ የሚያናፍሱ መስለው ይመጡና፣ ፖስታውን ቶሎ ክትት አድርገው ወደ ሰማይ ያያሉ። ወይ ጉድ፣ የአገሩ ባለቤትም እንደኛ ያፍራል ለካ አልኩ። ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከእኔ በታች ባለው ፎቅ አንድ የአገሬ ሰው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጋሼ እላቸዋለሁ። ሽበታም ናቸው፤ በጋ ክረምት ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመንገደኛ ምግብ የሚዘጋጅበት ቤት ዕቃ ያጥቡ ነበር። በረራ ሲቀንስ እሳቸውም ተቀነሱ። እሑድ እሳቸው ከቅዳሴ፣ እኔ ከጸሎት ቤቴ ስንመለስ ሳጥኑ ጋ እንገናኛለን። ፖስታቸውን ሳያማትቡበት አይከቱም።

«ጋሼ፣ ደግሞ ፖስታ ይባረካል እንዴ?» እላቸዋለሁ።

«ጴንጤ ምን ታውቂያለሽ! ዝም ብለሽ ያንቺን ክተቺ» ይሉኛል። ተሳስቀን ወደ ቤታችን እንወጣለን።

አንድ እሑድ ሳይስቁ ቀሩ። ካሳ ቢሮው ጠርቷቸዋል። በየወሩ አንድ ቀን ላይ «ሥራ ቢገኝ አልሠራም» የሚለውን ፊደል ይጽፋሉና፣ ያን ቀን የት ይውላሉ ነው ጥያቄው። በድብቅ ይሠራሉ ብለው ሳይጠረጥሯቸው አልቀሩም። ካልተጣራ ካሳው ይቋረጣል። ካሳው ከተቋረጠ የሚቀረው ሶሻል ነው፤ የድሃ መርጃው ቢሮ ማለቴ ነው። ጋሼ ደግሞ «ላቤን አፍስሼ የገባሁበትን መድን እበላለሁ እንጂ፣ በሶሻል ደጅ አልቆምም» ሲሉ ስንቴ ሰምቻቸዋለሁ። ሌላው ሰው ሄዶ ተቀብሎ ይመለሳል፤ እሳቸው ግን ነገሩን ሲያነሱት እንኳ ድምፃቸው ይቀንሳል።

«ቆይ፣ ያቺ ቀን ምንድን ናት?» አልኳቸው።

«ሚካኤል ናታ!»

ወደ ሱዳን ሲሰደዱ በረሃ ላይ መንገድ ጠፍቷቸው፣ ውሃቸውም አልቆ፣ ቀኑ አሥራ ሁለት ነበር። «ሚካኤል፣ ሰው ካለበት ብታደርሰኝ ዕድሜ ልኬን በቀንህ ሥራ አልነካም» ብለው ተሳሉ። ደረሱ። አርላንዳ ሳሉ ስለቱ አላስቸገራቸውም። ለፈረንጅ ገና እሳቸው ይገባሉ፣ ለሚካኤል ፈረንጆቹ ይገቡላቸዋል።

ደሜ ፈላ። «ኧረ ጋሼ በሞቴ! ሥራ እኮ የለም! ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ እርስዎ ጭራሽ የሰማይዋን ላም በሚካኤል አላልብም ብለው ለመንግሥት ይጽፋሉ? ማን ጠየቀዎት?»

«ካርዱ ጠየቀኛ» አሉ ረጋ ብለው። «ሥራ ቢገኝ ትሠራለህ ወይ አለኝ። አልሠራም። አልሠራም ብዬ ጻፍኩ።»



አስተርጓሚ እንመድብልዎ ቢሏቸው እምቢ ብለው እኔን ይዘው ሄዱ። ቱነልባናው በዐለቱ ውስጥ ይሄዳል፤ የመስኮቱ መስተዋት ጥቁር ሆኖ ሁለታችን እዚያ ውስጥ ተቀምጠን እንታያለን። እነዚያ የመስተዋቱ ሰዎች ከኛ ይልቅ የተረጋጉ፣ ጉዳያቸው ያለቀላቸው ይመስሉ ነበር። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ስለምናቸው ነው የሄድኩት። «አንድ ቃል ብቻ፣ ጋሼ። እሠራለሁ ይበሉ። ሥራው አይመጣ፣ ምን ቸገረዎት! ሚካኤልም እኮ ችግርዎን ያውቃል፤ ይቅር ይላል።» እኔ የመላእክት ስለት የማላውቅ ጴንጤ፣ ለተዋሕዶ ሰው ስለ ሚካኤል ስሰብክ ራሴን ሰማሁና ሳቄ መጣ። እሳቸውም ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ፈገግ አሉ።

ካሳ ቢሮው የተቀበለችን ልጅ ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ለመቆጣት ተዘጋጅቼ ሄጄ የምቆጣው ሰው አጣሁ። ቀኑ የጸሎት ቀን መሆኑን ስነግራት ፊቷ በራ። «እንግዲያ ቀላል ነው» አለች። «በዚያ ቀን ሥራ ቢገኝ እሠራለሁ ይበሉኝና ፋይሉን ልዝጋው።» ተረጎምኩ። በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን በእግሬ ጎሸም አደረግሁ።

ጋሼ ልጅቷን አየት አደረጓት። «አመስግኚልኝ፤ የደግ ሰው ልጅ ናት። ሌላውን ቀን ሁሉ፣ የናንተንም ገና፣ የናንተንም ፋሲካ እሠራለሁ በያት። ያቺን ቀን ግን ሰጥቻታለሁ። የሰጡትን መልሶ መውሰድ አይሆንልኝም።»

እንዳሉት ተረጎምኩ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከመስኮቱ ውጭ በረዶው ይወርዳል፤ ቢሮው እንዳለ ከፍ ከፍ የሚል መሰለኝ፣ ከነጠረጴዛው፣ ከነሦስታችን። ከዚያ «ደንቡ...» አለች፤ ስትጨርሰው እኔን እንጂ እሳቸውን አላየችም።

ካሳው ተቋረጠ።

ቀናት አለፉ፤ ስንት እንደሆኑ እንጃ። አንድ ምሽት ጋሼ፣ ሾርባ ልጋብዝዎ ብያቸው፣ ከኛ ጋር ተቀምጠዋል። ዜናው ላይ ያ ቀይ መስመር መጣ። ልጄ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትመልስም፤ ማንኪያዋን አንስታ «ዴ ጎር ኔር፣ ማማ!» አለች። ወረደ ማለቷ ነው። እውነትም የመስመሩ ጫፍ ትንሽ ጎንበስ ብሏል። ዜና አንባቢዋም ፈገግታ አሳየች።

ጋሼ አጨበጨቡ። «ተመስገን! ሰው ሥራ አገኘ ማለት ነው!»

አንጀቴን በሉት። አፌን ልይዘው ነበር፣ አመለጠኝ። «የምን ሥራ አመጡብኝ ጋሼ! የእርስዎ ካርድ ቀርቶ እኮ ነው የወረደው! እርስዎና እንደ እርስዎ የተባረሩት ሁሉ ተቀንሰው!»

ጋሼ ተነስተው ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ያቺን የመስመሩን ጫፍ፣ የወደቀች መርፌ እንደሚፈልግ ሰው፣ ቀርበው አዩአት። ሥዕሉ አልፎ የአየር ጠባይ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ አልተነሱም።

«እንግዲያ» አሉ ቀና ሲሉ፣ «ያቺ የኔ ቦታ ባዶዋን ትቅር። ማንም ሥራ አጥቶ አይግባባት። አሜን በሉ እንጂ!»

«አሜን» አልን፣ ልጄም ጭምር፣ በአማርኛ።

በማግስቱ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ሶሻል ሄዱ። አብሬ ልሂድ ብላቸው «ይኼን እንኳ ብቻዬን ልልመደው» አሉኝ። ከመስኮቴ አየኋቸው፤ ቀስ ብለው፣ በረዶው መካከል እየጠፉ እየታዩ፣ ወደ ታች ወረዱ። ያን ቀን ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ።

እሑድ ካርዴን ሞልቼ ብቻዬን ወረድኩ። ሲጨላልም ነው። የሳጥኑ ቢጫነት ከሩቅ ይታያል፤ አጠገቡ ሰው ቆሟል። ጋሼ ናቸው። እጃቸው ባዶ ነው።

«በዚህ ብርድ ምን ሊሠሩ ወጡ? የሚልኩት የለዎ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«አንቺ አለሽ አይደል» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ፖስታዬን ሰጠኋቸው። አማተቡበት። ስለ ጴንጤነቴ ምንም አላሉኝም፤ እኔም ምንም አላልኳቸውም።

«በይ ክተቺው» አሉኝ።

ከተትኩት።