ባስ የማይጠመድበት ግንቦት

ልጄ ለዓሣ ማጥመጃ የገዛውን የጎማ ትል ከላስቲኩ ሲያወጣ ሽታው ወደ አሥር ዓመቴ መለሰኝ።

ግንቦት ነበር፤ ባሕር ማዶ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። ባስ የሚባለው ዓሣ እስከ ሰኔ እንደማይጠመድ የዓሣ ማጥመጃ ደንቡ ላይ አንብቤ ነበር፤ ሐይቁ ጋ ለመሄድ ስለቸኮልኩ ግን እንግሊዝኛ ገና ለከበደው አባባ «ይቻላል» አልኩት።

ሐይቁ ዳር የደረሰብን የዓሣ ተቆጣጣሪ ያጠመድነውን ባስ ከባልዲው አውጥቶ ወደ ውሃው መለሰና፣ «በዚህ ወር እንቁላሉን የሚጠብቀው አባትየው ዓሣ ነው። ደንቡን አላነበባችሁም?» አለ። እየተንተባተብኩ ተረጎምኩ። አባባ ፊቴን አይቶ እያወቅኩ እንደዋሸሁት ገባው።

«አባቴ ማንበብ አይችልም በይው» አለኝ።

አዲስ አበባ ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። ለተቆጣጣሪው እንዳለኝ ነገርኩት። ተቆጣጣሪው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያለ ያስረዳው ጀመር፤ አባባም እንደ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

«እማ፣ የባስ ማጥመጃ ሲዝን ተከፍቷል?» አለኝ ልጄ የጎማ ትሉን እንደያዘ።

«ደንቡን ራስህ አንብብ» አልኩት።