ባለ ጆሮዋ

እናቴ ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ዴንቨር አጠገብ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ያለው አፓርታማዬ ውስጥ ስትከርም፣ ጓደኛዋ ቴሌቪዥን ነበር። ያውም የዱር እንስሳት ፕሮግራም ብቻ። «እነሱ እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ የሚያደርጉት ይገባኛል» ትላለች። ከሁሉም አብልጣ የወደደችው በረዷማ ጫካ ውስጥ ለግልገሎቿ የምታድነውን ሊንክስ ነው፤ መዳፏ ሰፊ፣ ጆሮዋ ጫፍ ላይ ጥቁር ጸጉር የቆመላት የዱር ድመት ናት። «ባለ ጆሮዋ» ብላ ስም አወጣችላት።

እኔ በአዘቦት ቀን ሎውሪ የሚባል ሰፈር አረጋውያን እጦራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ዴንቨር ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፋለሁ። ማታ ስገባ እናቴ ራት አቅርባ ትጠብቀኛለች። ቆሜ ሁለቴ ጎረስ አደርግና ልብስ ወደማጠብ እሮጣለሁ። «ኧረ ቁጭ በይ» ስትለኝ «መጣሁ» እላለሁ፤ አልመጣም። ደከመኝ ማለት ራሱ ያደክመኝ ነበር።

መመለሻዋ ሲቃረብ ጨነቀኝ። እዚህ ድረስ መጥታ ምን አሳየኋት? የአፓርታማዬን ግድግዳ። ባለ ጆሮዋን የመሰለች ሊንክስ እዚሁ እኛ አጠገብ ያለው ተራራ ላይ እንዳለች ስሰማ ግን ቆረጥኩ፤ ያለችኝን አንዲት የእረፍት ቀን ለዚህ አደርጋታለሁ፣ አብረን ሳናያት አትሄድም።

በጠዋት ነድተን ወጣን። ጫካው ዳር መኪናዬን አቆምኩና በመስኮት በረዶውን እናይ ጀመር። ጥድ፣ በረዶ፣ ደግሞ ጥድ። ወገቤ እንደተቆረጠ ነው።

«እማዬ፣ ዐይኔን ትንሽ ላሳርፈው። ከመጣች ቀስቅሺኝ፣ እሺ?»

«እሺ።»

ስነቃ ፀሐይዋ ዞራለች። የእናቴ ጋቢ እኔ ላይ ነው። እሷ ሹራቧን እስከ አገጯ ስባ፣ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ወደ እኔ ዞራ ተቀምጣለች። ከመኪናው ፊት ለፊት፣ ቅድም ምንም ያልነበረበት በረዶ ላይ፣ ትልልቅ ክብ የእግር ዱካዎች ወደ ጫካው ያልፋሉ።

«መጥታ ነበር እንዴ?»

«መጥታ ነበር። ቆም ብላ አየችንና ሄደች።»

ተናደድኩ። ላለቅስም ምንም አልቀረኝ።

«እማዬ፣ በናትሽ! ዴይ ኦፌን እኮ ለእሷ ብዬ ነው የያዝኩት። ለምን አልቀሰቀስሽኝም? አብረን ልናያት አልነበር?»

ጋቢውን ወደ ትከሻዬ ሳብ አደረገችው።

«እሷንማ ቴሌቪዥን ላይ አያታለሁ» አለች። «አንቺን ስታርፊ ያየሁሽ ግን ገና ዛሬ ነው።»