የእህቴ ጠላ በላብራቶሪ

የዚህ ማስታወሻ ምንጮች ባቡር ውስጥ የጫርኋቸው ጥቂት መስመሮች፣ የእህቴ ልጅ ሺራ በስልክ የላከችልኝ የምርመራ ሥዕልና የራሴ ትዝታ ናቸው። ትዝታዬን አንባቢ በጥንቃቄ ይቀበለው፤ ንግግሮቹን ቃል በቃል ይዣቸዋለሁ ለማለት አልደፍርም።

ማለዳ ከሃይፋ ተነሣሁ። አሽዶድ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ወርቄ አውራ ጣቷን ሪህ ይዟት ጫማ ማጥለቅ አቅቷት ነበር። ሐኪሙ ቢራ ከልክሏታል፤ እርሷ ግን በቤቷ የምትጠምቀውን ጠላ አልተወችም። ባዮኬሚስትሪ ሳስተምር የኖርሁ ሰው በመሆኔ ሺራ «ጋሼ፣ እርስዎን ትሰማለች» ብላ ጠራችኝ።

ሮቫ ቤት

ባሕሩ በስተቀኜ እየታየ እየጠፋ አሽዶድ ደረስሁ፤ ከጣቢያው ሮቫ ቤት ወደሚባለው የወርቄ ሠፈር አውቶቡስ ያዝሁ። ወርቄ እያነከሰች በሩን ከፈተች፤ ሺራም ከኋላዋ ነበረች። ዳቦና የጠራ ጠላ አቀረበችልኝ።

«ሮፌው የከለከለኝ ቢራ ነው፤ ጠላ መቼ አለኝ?» አለች ሐኪሙን በዕብራይስጥ ጠርታ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«ሁለቱም የብቅልና የእርሾ ሥራ ናቸው፣ ወርቄ።»

«ቢራ ጌሾ አለው?»

ስለ ጌሾ ስንከራከር ቆየን። በመጨረሻ «ሺራ በላብራቶሪዋ ትለካው፤ ክፉ ከሆነ እተወዋለሁ» አለችና ጠርሙስ ሞልታ ሰጠችን።

ሰሜናዊው የኢንዱስትሪ ቀጠና

ሺራ የምትሠራው በመጋዘኖች መካከል ባለ የምግብ ላብራቶሪ ነው፤ አለቃዋ ፈቅዶላታል። ኑክሊዮታይዶች የሕያው ሕዋስ ሁሉ ጡቦች ናቸው። ከእነርሱ ፒውሪን ያለባቸው በሰውነታችን ሲፈርሱ ዩሪክ አሲድ ይወጣቸዋል፤ ይህም ሲበዛ በመገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ ይጋገራል። ሺራ ጠላውን ከአሲድ ጋር አፍልታ ኑክሊዮታይዶቹን ሰበረች፤ መሣሪያው ሁለቱን ፒውሪኖች፣ አዴኒንና ጓኒንን፣ ለይቶ እንደ ጉብታ ሣላቸው። ጉብታዎቹ ዝቅተኛ ነበሩ፤ ፒውሪኑ ጥቂት ነው ማለት ነው።

ወደ ቤት ተመልሰን ውጤቱን ስንነግራት ወርቄ እልል አለች፤ ለራሷም ቀዳች። የቀዳችው ግን ከሌላ ማሰሮ፣ እንደ ጭቃ የደፈረሰ ነበር።

«ይህስ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ጉሹ ነዋ። የኔ መጠጥ።»

«ለምን ከዚህ አልሰጠሽንም?»

«ለሰው ቤት ድፍርስ ይላካል? ሙያ የላትም ልባል?»

«ማማ፣ ለመሣሪያ እኮ ነው!» አለች ሺራ ሳቋ እያፈናት።

«መሣሪያውስ እንግዳ አይደለም?»

በእናታችን ቤትም የጠለለው ለእንግዳ ነበር፤ የማሰሮው ግርጌ ለባለቤቲቱ።

በማግስቱ

ሺራ ጉሹን መረመረችው። እርሾው ራሱ በኑክሊዮታይድ የታጨቀ ሕዋስ ስለሆነ ጉብታዎቹ ተራራ ሆኑ። ወርቄ ሁለቱን ሥዕሎች አስተያየች።

«እንግዳዬ ጤነኛ፣ እኔ በሽተኛ! ደግ አስተናጋጅ ነኝ» አለች። የጠለለውም ቢሆን ለሪህ እንደማይበጅ ነገርኋት። የጉሹን ማሰሮ ከፊቷ ገፋ አደረገች። «እንግዲያስ ለእንግዳ እጠምቃለሁ፤ እኔ ውኃዬን።»

ሃይፋ አመሻሽ ላይ ገባሁ። ናሙናን ከመመርመር አስቀድሞ ማን ለማን እንደቀዳው መጠየቅ እንደሚገባ ለተማሪዎቼ ባስተማርሁ ኖሮ! ወርቄ ትናንት ደውላ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጉሽ እንዳልቀመሰች፣ ጫማዋንም አጥልቃ ገበያ ደርሳ እንደተመለሰች ነግራኛለች። ሺራ ሥራ በዝቶባት እናቷን አላየቻትም፤ ስለዚህ ይህ እስካሁን አልተረጋገጠም።