ከምድጃ በላይ ያስቀመጥኩት ላፕቶፕ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፈው ልጄ አስቴር ናት፤ ቃሉ የእኔ የአባቷ ነው።

ዛሬ ጠዋት የአስቴር ላፕቶፕ አልነሣ አለ። ቻርጀር ብትሰካ፣ ማብሪያውን ብትጫን፣ ጨለማ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ነገ ጅማ ወስዳ ማስረከብ አለባት።

ቆጥ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የቦንጋን ዝናብ ታውቃላችሁ። ለዘር የምናስቀምጠው በቆሎ እንኳ ከእርጥበት የሚተርፈው ከምድጃ በላይ ነው፤ እኔም ከበቆሎው ጎን አኖርኩት። ጭሱን አላሰብኩም።

ጎረቤታችን ዘነበች ጥላሸቱን አይታ፣ "ጋሼ፣ ቋንጣ መስሎዎት ነው?" አለችኝ።

አስቴር አልተቆጣችም። ባትሪውን ነቀለች፣ ብሎኖቹን ፈታች፣ ጥላሸቱን በብሩሽ ጠረገች። ሜሞሪ የምትለውን ቀጭን ነገር አውጥታ ጫፉን በላጲስ ፈገፈገች። መልሳ ብትሞክረው ጭጭ።

እኔ በቃ አልኩ። እሷ ያንን ቀጭን ነገር እንደገና አወጣችው፣ አስተካክላ ቀጭ እስኪል ገፋችው። በራ። ጽሑፏም እንዳለ አለ።

ንብ ሲወረኝ ቀፎ የማይለቅ እጅ አለኝ። ዛሬ ያንን እጅ እሷ ላይ አየሁት።

"ይሄን ልተወው አባዬ" ትላለች። አትተዪውም፣ ጻፊ።

እናንተም ቤት አበቃለት ከተባለ በኋላ የተነሣ ዕቃ ካለ ማን እንዳስነሣው ንገሩን፤ እሷ ታነብልኛለች።

በይ አሁን የጻፍሽውን አንብቢልኝ። ስለ እጅሽ ያልኩትን ከዘለልሽው አውቃለሁ።