ሰዓት የተጻፈበት ድንጋይ

መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ትፈገፍጋለች፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው አሮጌ ቀለም ዱቄት ሆኖ እስኪረግፍ። ዱቄቱን በደረቅ ጨርቅ ታራግፋለች። ቀጥላ የቀለም ማቅጠኛ፣ አኳራጅ፣ የነካ ጨርቅ ታሳልፍበትና በእጇ ጀርባ እየዳሰሰች እስኪደርቅ ትጠብቃለች። ቁጥሮቹን ከአሮጌ የራጅ ፊልም ቆርጣ ነው ያዘጋጀቻቸው። ፊልሙን በግራ መዳፏ ድንጋዩ ላይ ለጥፋ ትይዝና በቀኟ ቢጫ ቀለሙን በብሩሽ ጫፍ ትመታበታለች። አትጎትተውም። ከተጎተተ ቀለሙ ከፊልሙ ሥር ይሾልክና ሦስት ቁጥር ስምንት ይመስላል። ፊልሙን ቀጥ አድርጋ ስታነሳው «2፡40» ይላል፤ ከሥሩ «ወደ ጫፍ»። ከዚህ ድንጋይ እስከ ጮቄ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው፣ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ማለት ነው።

እስከዳር ይህን የምትሠራው ጥርሷን ነክሳ ነው። ይኸው ድንጋይ ላይ ስትጽፍ ሦስተኛ ጊዜዋ ነዋ! ሁለቱንም ጊዜ ተፍቆ ነው ያገኘችው።

ደብረ ማርቆስ የስፖርት መምህርት ናት፣ አርባ ሦስት ዓመቷ። በእግር መሄድ የፈለገ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚጠይቀው እሷን ነው። እሷም መልሳ ትጠይቃለች፦ ጉልበትህ እንዴት ነው? ጫማህን አሳየኝ። ከዚያ ትመክራለች። ለጀማሪ ወደ ደብረ ኤልያስ ሜዳ ሜዳውን፤ በእግር ሄዶ በመኪና መመለስ ነው። ሯጭ ከሆነም እዚያው፣ ግን አስፋልቱን ትቶ አፈር አፈሩን። ጸጥታ ለሚወድ ወደ ዲማ ገዳም። ቁልቁለት ለሚወድ ከይጁቤ ወደ ዓባይ በረሃ፤ «መውረዱ አያታልላችሁ፣ መውጣቱ እጥፍ ነው፤ ውኃችሁ ሲጋመስ ተመለሱ» ትላለች። ሳንባ ላለው ደግሞ ጮቄ። ከሁሉም የምትወደው ጮቄን ነው፤ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ጅብራው መሐል ስትደርስ ብቻዋን ትስቃለች።

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አሥራ አንድ ሰው ይዛ ወጣች። ሕጓ አንድ ነበር፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን የትም ብትደርስ ተመለስ። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣችው የባዮሎጂ መምህርት ሂዊና የባንክ ሠራተኛው የኔአለም ወደ ኋላ ቀሩ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነበር። እዚያ ድንች የሚኮተኩቱ ገበሬ፣ አያ ደምለው፣ ቀና አሉ።

«አባ፣ ጫፉ ሩቅ ነው?» አለች ሂዊ።

«ኧረ ደረሳችሁ! ይችን ጉብታ እለፉ እንጂ!»

ደረሳችሁ ተብለው ማን ይመለሳል? ሸክም ምን ያደርግልናል ብለው ቦርሳቸውን ከነጃኬታቸው አጥር ሥር ጥለው ወጡ። ከጉብታው በኋላ ሌላ ጉብታ፣ ከዚያም ሌላ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጉም ወረደ፣ ተከትሎ በረዶ። እስከዳር በዚያው ጉም ውስጥ ሳታያቸው በአጠገባቸው አልፋ ወረደች። መንታው መንገድ ላይ ስትቆጥር ዘጠኝ ሰው።

በፈረስ ወጥተው ያገኟቸው አያ ደምለው ራሳቸው ናቸው። የኔአለም ይንቀጠቀጥ ነበር። ሂዊ መንቀጥቀጡን ትታለች፤ «ሞቀኝ» እያለች ሹራቧን ልታወልቅ ትታገላለች። ብርድ ሰውን ሊወስደው ሲል እንዲህ ያደርጋል። በጋቢያቸው ጠቅልለው አወረዷት። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኛች።

እስከዳር ከዚያ ወዲህ ነው ቀለም የገዛችው። ሰዓት ይዛ መንገዱን አራት ጊዜ ለካችና አሥራ አራት ድንጋይ ላይ ጻፈች። አሥራ ሦስቱን የነካ የለም። መንታው መንገድ ላይ ያለው፣ ሁለት ጊዜ የተፋቀው ግን የአያ ደምለው ድንበር ላይ ነው።

ጥር ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ማጭድ ይዘው ከች አሉ። በማግስቱ ሠላሳ ስምንት ተራራ ወጪ በዚያ በኩል ሊያልፍ ነው።

«አንች ልጅ፣ ዛሬም? በደጄ ውሸታም ነው ብለሽ ትጽፊብኛለሽ?»

«አያ ደምለው፣ ይህን ቢፍቁት እምላለሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ቆሜ አድራለሁ!»

«የደከመን መንገደኛ ገና ነህ ይሉታል? ወገቡን ሊቆርጡት?»

«ይቆረጥ! ወገቡ ተቆርጦ ቤቱ ይግባ!»

«ለኔ እኮ ቅርብ ናት። በሬ ሲጠፋኝ ወጥቼ ለምሳ እመለሳለሁ።»

«ሂዊ በሬ ልትፈልግ ነው እንዴ የወጣችው?»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኔ አይደለሁ በፈረሴ ያወረድኳት?»

«እርስዎ አይደሉ ወይ የላኳት?»

 አያ ደምለው ማጭዱን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ።

«በይ ጽሑፉ ይቅር። ነገ እዚሁ ቆሜ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለው?»

«ትንሽ ትቀራችኋለች።»

«አያ ደምለው!» ጮኸች። «ሰዓቱን ይበሉ! እስኪ ለእኔ ይንገሩኝ። እኔ መንገደኛ ነኝ፣ ደክሞኛል። ስንት ይቀረኛል?»

አዩዋት። ጫማዋ ጭቃ ነው፣ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቋል። «ሁለት ሰዓት…» ብለው ጀመሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሁለት ሰዓት ከ… ኧረ አይሆንልኝም ልጄ። የደከመ ሰው ፊት ላይ እንዴት ይባላል? ያሳፍረኛል።»

እስከዳር ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት። ሰውየው አልዋሹም፤ መናገር አይችሉም። ንዴቷ ግን አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰባት። የምትቆጣው ክፉ ሰው እንኳ የለም!

«እንግዲያው ድንጋዩ ይናገር» አሉ አያ ደምለው በመጨረሻ። «እኔ ፊቴን አዞራለሁ።» ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሄዱ። እሁድ ዕለት ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ ሁለቱ ቁጥሩን አንብበው፣ ሰዓታቸውን አይተው፣ እየተነጫነጩ ተመለሱ። ጫፉን አላዩም። ማታ ሁሉም በየቤታቸው እራት በሉ።

የእስከዳር ቀለም ለአንድ ተራራ እንኳ በመከራ ነው የበቃው። ስለዚህ አንባቢን እንዲህ ትላለች፦ «እባክህ፣ አገርህ ላይ መንገደኛ ቆሞ ስንት ይቀራል ብሎ ሲጠይቅህ፣ አትዘንለት። ሰዓቱን ንገረው። ካላወቅህ አላውቅም በለው። ከመሸበት ደግሞ እደር በለው። ደረስክ ግን አትበለው።»