በሃይላንድ የመጣ ሐይቅ

ጎፋ ቤታችን ፍሪጅ ውስጥ የቆመ ሃይላንድ ሁሉ ጸበል ነበር። የእናቴ እግር ብስራተ ገብርኤል ድረስ አላደርስ ካላት ወዲህ ጎረቤት በየተራ ያመጣላታል። ይህን እያወቅሁ የሐይቅ ውሃዬን እዚያው ፍሪጅ በር ላይ አቆምኩት። የተማረ ይግደለኝ ያለው ሰው እኔን አላየም።

ውሃው የመጣው ከባሌ ተራሮች አናት ነው። እኔ የማጠናው ዲያቶም ይባላል፤ በዓይን የማትታይ፣ የመስታወት ቅርፊት የለበሰች የውሃ ፍጥረት ናት። ቀደም ሲል ከዚያው ሐይቅ፣ በአልኮል ተነክሮ በመጣልኝ ናሙና ውስጥ ማንም ያልመዘገባት ዓይነት አግኝቼ ነበር። አዲስ ዓይነት ሲመዘገብ መጀመሪያ በአሲድ ይቀቀላል፤ ገላው ይጠፋና ቅርፊቱ ላይ ያሉት መስመሮች ይለካሉ። ቅርፊቷን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ። በሕይወት ግን አይቻት አላውቅም ነበርና እንደ ሰው ትናፍቀኝ ነበር። ባልደረባዬ ወደዚያ ሲወጣ ለመንኩት። የሐይቁን ድንጋይ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጎ፣ ቡናማውን እጣቢ ከነውሃው ይዞልኝ መጣ። ዳግም መቼ እንደሚሄድ እሱም አያውቅም።

ጠዋት ስነሳ እናቴ ፊቷ ረጥቦ፣ ባዶውን ሃይላንድ ታቅፋ ሳሎን ተቀምጣለች።

«እምነቱንም ጨምረሽበት ነው ያመጣሽልኝ?» አለችኝ። ቡናማውን ዝቃጭ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣው አመድ መስሏታል። «እኔ ደግሞ ረሳችኝ ብዬ ሳማሽ!»

«ጠጣሽው እማዬ?»

«በባዶ ሆዴ። ከየት ነው?»

«ከተራራ።»

«የተራራማ ኃይለኛ ነው።»

ልጮህ ነበር። ግን እንዲህ ደስ ብሏት ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ዋጥ አደረግሁት።

«ምነው ተኮሳተርሽ? ጸበል ብቻዬን ጨርሼ አውቃለሁ?» ብላ በሳህን የተከደነ ስኒ ወደ እኔ ገፋችልኝ። «እምነቱን ላንቺ ነው ያስቀረሁት። ዓይንሽን ተቀቢው፤ በዚያ መሣሪያ ጨረስሽው እኮ።»

ስኒው ውስጥ አንድ ጉንጭ ውሃና ዝቃጩ በሙሉ ነበር።

መኝታ ቤቴ ገብቼ አንዷን ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አደረግሁ። ብዙ ፈለግሁ። ከዚያ አየኋት፤ ወርቅማ ናት፣ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ዓይኔን እንባ ሞላውና ማየት አቃተኝ።

ውሃው እናቴን ምንም አላደረጋትም። ብዙ ቆይታ፣ በእርጅናዋ ነው ያረፈችው። የምዝገባ ጽሑፌ ሲወጣ ስለ ሕያዋ ቀለም የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ ያ ከእናቴ ስኒ የተገኘ ነው።

ባልደረባዬ አሁንም ወደ ተራራው በወጣ ቁጥር ውሃ ያመጣልኛል። ያችኑ ፍሪጅ በር ላይ አቆመዋለሁ። ጠዋት ስከፍተው እንዳለ ነው፣ የነካው የለም። ምነው መጥታ በጠጣችብኝ።